ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲጽፍ

ሐምሌ 3 ቀን 2089 ዓ.ም. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ በብሎክ ዘጠኝ ሃያ ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ረድኤት ዳቦዋን ቆርሳ ሻይዋን ልትቀዳ ስትል ከበላይዋ ካለው ቤት የሰው ጩኸት ሰማች። የወንድ ድምፅ ነው፤ "እማዬን፣ እማዬን" ይላል። ቴርሞሱን አስቀምጣ የእጇን አምባር አየች። አምባሩ ምንም አላለም። ትንሽ ጠብቃ ደግማ አየችው። አሁንም ምንም የለም። ከዚያ ሻይዋን ቀድታ ጠጣች።

ይህን ስላደረገች ክፉ ሴት ናት ማለት አይደለም። በዚያ ጠዋት ከሠላሳ ስምንቱ ፎቅ ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ያደረገው እሷ ያደረገችውን ነው፤ አምባሩን አየ፣ ጠበቀ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። ለቅሶ የሚደረሰው በጥሪ ነው። የዕድሩ ፋይል ማን እንደሞተ፣ ተራው የማን እንደሆነ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ፣ ከድንኳኑ በቀኝ ይሁን በግራ ለይቶ በየሰዉ አምባር ይልካል። ለሐዘንተኛው የሚባለውን ቃል እንኳ አሳጥሮ ያቀርብለታል። ነገሩ ሲጀመር ለደግ ነበር። ድሮ ባለሥልጣን ሲሞት መንገድ ይዘጋል፣ ደሃ ሲሞት ሬሳ የሚሸከም ይጠፋል፤ ፋይሉ ይህን አስተካክሎ ለእያንዳንዱ ሟች ስልሳ ሰው በተራ መደበ። ከዚያ ወዲህ ሳይጠራ ለቅሶ ቤት የሄደ ሰው የሌላውን ተራና ወንበር እንዳዛባ ይቆጠር ጀመር። "ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት" እየተባለ ይተረትበታል። ሃያ ዓመት የተተረተበት ነገር ደግሞ ማንም ሳያጸድቀው ሕግ ይሆናል።

በሃያ ሦስተኛው ፎቅ የሞቱት እትዬ ሜላት ናቸው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የቀበሯቸው ልጃቸው ኪሩቤል፣ ከባቡር ጣቢያው የመጡ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ፣ ቄሱና የመቃብር ቦታው ጥበቃ ነበሩ። ድንኳን አልተተከለም፤ ድንኳኑን የሚያወጣው ዕድሩ ነው፣ ዕድሩም የሞተ ሰው መኖሩን አላወቀም። ኪሩቤል የቤቱን በር ከፍቶ ሦስት ቀን ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን ምድር ቤት ወዳለው የዕድሩ ቢሮ ወርዶ እናቱ ምን አጥፍተው እንደሆነ ጠየቀ። ፋይሉ ተከፈተ። ሃያ ስድስት ዓመት በአባልነት የኖሩት እትዬ ሜላት ድሮ ይኖሩበት በነበረው በዘጠነኛው ፎቅ ዝርዝር ላይ የሉም፤ ግንቦት ውስጥ ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ በገቡበት በሃያ ሦስተኛው ፎቅ ዝርዝር ላይም የሉም። የትም የሉም።

ዝርዝሩን የሚጽፉት ጋሽ ያብሥራ ናቸው። ጋሽ ያብሥራ የሰባ ስምንት ዓመት ሰው፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ የዕድሩ ጸሐፊ ሆነው አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠሩ ናቸው። ከእትዬ ሜላት ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ እንደማይነጋገሩ ብሎኩ ሁሉ ያውቃል። ጣሪያው ላይ ባለው ጓሮ የእትዬ ሜላት ዱባ ሐረጉን እየሳበ የጋሽ ያብሥራን ቲማቲም አለበሰው፤ እሳቸው ሐረጉን በመቀስ ቆረጡት፤ እትዬ ሜላትም አፋቸው የዋዛ አልነበረምና ሰው በተሰበሰበበት የማይባል ነገር አሏቸው። ስለዚህ ማንም ብዙ አልተመራመረም። አሳንሰር ውስጥ "በዱባ ቂም ሰው ያለ ቀባሪ አስቀበሩ" ይባባል ጀመር። የዕድሩ ዳኛ አቶ ኢዮስያስ ለእሑድ ሐምሌ 21 ጠቅላላ ጉባኤ ጠሩ፤ አጀንዳው አንድ ብቻ፣ ጸሐፊውን ከአባልነት ማሰናበት ነው። ከአንድ ዕድር የተሰናበተን ሌላ ዕድር አይቀበለውም። እንዲህ ያለው ሰው ሲሞት የማንም አምባር አይጠራለትም፤ ለሰባ ስምንት ዓመት ሰው ደግሞ ይህ የሩቅ ነገር አይደለም።

ረድኤት ወሬውን የሰማችው እንደማንም ሰው በአሳንሰር ውስጥ ነው። ሰምታ ግን እንደማንም ሰው ልትተወው አልቻለችም፤ "የትም የሉም" የሚለው ቃል የራሷን ሥራ አስታወሳት። የዕለት እንጀራዋ የሚገኘው ከውሃ ቆጣሪ ጥገና ነው። ዕድሜዋን የሰጠችው ግን ለሌላ ሥራ ነው። አገሩ ሁሉ፣ ዕድሩም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ መዝገቡን በአንድ በአንድ ፋይል ያኖራል። ፋይል በራሱ አይናገርም፤ የሚከፍተው፣ የሚያነበው፣ የሚጽፍበትና የሚዘጋው ማህደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። በሙያው ቋንቋ ድራይቨር ይባላል፤ የሚንከባከቡት ሰዎች "ሾፌሩ" እያሉ ይጠሩታል። ባለቤት የለውም። ውስጡን ማንም ማየት ይችላል፣ ማሻሻያም ማንም መላክ ይችላል፤ የሚገባውንና የማይገባውን የሚወስኑት ግን ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ኢፍቱ ከጅማ፣ ሙክታር ከድሬዳዋ፣ ረድኤት ከአዲስ አበባ። ደመወዝ የላቸውም። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ በድምፅ ይገናኙና በሚመጣው ዓመት ምን እንደሚያሻሽሉ ያቅዳሉ። ዝርዝሩን የምትይዘው ረድኤት ናት።

በዚያ ዝርዝር አሥራ አራተኛ መስመር ላይ "ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲጽፍ የኋለኛው የፊተኛውን እንዳይደመስስ" የሚል ተጽፏል። ያስገባችው ራሷ ናት፣ በ2078። ከጎኑ አሥራ አንድ ጊዜ "ለከርሞ" የሚል ቃል አለ፤ አሥራ አንዱም የእሷ ጽሕፈት ነው። ሁልጊዜ ሌላ የሚበልጥ ነገር ይገኝ ነበር። አንድ ዓመት ፍለጋውን ማፍጠን፣ አንድ ዓመት የፊደሉን ቅርጽ ማሳመር፤ ሰው የሚያመሰግነው በዚያ ነው። ያልጠፋ ስም ስላልጠፋ ማንም አያመሰግንም። በ2084 አንድ የማታውቀው ሰው ማስተካከያውን ሠርቶ ልኮላት ነበር፤ አጻጻፉ ዝርክርክ ነው፣ እኔ ራሴ እሠራዋለሁ ብላ መለሰችው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለሷ ዓይነቱ ነው።

እንግዲህ ሐምሌ 15 ቀን የዕድሩን ፋይል ከፍታ ማን መቼ ምን እንደጻፈ የሚያሳየውን ዱካ አየች። አባል ሁሉ ማየት ይችላል፣ ማየት የፈለገ ግን አልነበረም። አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። ግንቦት 11፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ጋሽ ያብሥራ እትዬ ሜላትን ከዘጠነኛው ፎቅ ዝርዝር ያነሳሉ፤ የሃያ ሦስተኛውን ፎቅ ይከፍታሉ፤ ስማቸውን ይጽፋሉ። በዚያችው ደቂቃ ዳኛው አቶ ኢዮስያስ እቤታቸው ሆነው ያንኑ የሃያ ሦስተኛውን ፎቅ ዝርዝር ከፍተዋል፤ እዚያ ፎቅ ላይ የተወለደች አንዲት ሕፃን ሊያስገቡ ነው። የዳኛው ዝርዝር፣ የእትዬ ሜላት ስም ሳይኖርበት የተከፈተው፣ በሁለት ሰከንድ ዘግይቶ ገብቶ የጸሐፊውን ደመሰሰ። ሕፃኗ ተጻፈች፣ እትዬ ሜላት ጠፉ። ዳኛውም አላጠፉም፣ ጸሐፊውም አላጠፉም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ይሻል ነበር። ረድኤት ግን አንድ ነገር ትዝ አላትና ለማህደር ከሚላኩት የአቤቱታ ደብዳቤዎች መካከል ወደኋላ ፈለገች። አገኘችው፤ ታኅሣሥ 2085 የተጻፈ ነው። "ለተከበራችሁ ባለሙያዎች። እኔ የአንድ ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ከዳኛችን ጋር በአንድ ጊዜ ስንጽፍ እኔ የጻፍኩት አንዳንዴ ጠፍቶ አገኘዋለሁ። የእኔ ጥፋት ከሆነ አርሙኝ። ያብሥራ።" ከሥሩ መልስ አለ። "የአጠቃቀም ስህተት ነው። በየተራ ይጻፉ። ተዘግቷል።" መልሱን የሰጠችው እሷ ናት፤ ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ ከሌላ ሃያ መልስ ጋር። የየትኛው ዕድር ጸሐፊ ናቸው ብላ አልጠየቀችም፣ እሳቸውም መልስ የሰጠቻቸው ሴት አሥራ ስምንት ፎቅ ከበላያቸው እንደምትኖር አላወቁም። ከመልሱ ሥር አንድ መስመር ጨምረዋል። "እግዜር ይስጥልኝ። እጠነቀቃለሁ።" ረድኤት ይህቺን መስመር ስታነብ ፊቷ በእፍረት ጋለ፤ ብቻዋን ቤቷ ውስጥ ሆና፣ የሚያያት ሰው ሳይኖር፣ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

ሐሙስ ሐምሌ 18 የማህደር ሦስቱ ሰዎች ተገናኙ። እንደወትሮው የጅማን ዝናብና የድሬዳዋን ሙቀት ተቀላልደው ዝርዝሩን ከላይ ጀመሩ። አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርሱ ሙክታር እንደ ልማዱ "ለከርሞ አይደል?" ብሎ ሊያልፍ ሲል ረድኤት አስቆመችው። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ሴትየዋን፣ አምስቱን ቀባሪ፣ ሽማግሌውን፣ ደብዳቤውን። ጩኸቱን ሰምታ ሻይዋን መጠጣቷን ግን አልነገረቻቸውም። ከዚያ ሙክታር በቀስታ ጠየቀ፣ እስከ ዛሬ በዚህ መንገድ ስንት ሰው ጠፍቶ ይሆን?

አሥራ አራተኛው መስመር አንደኛ ይሁን፣ የቀረው ሁሉ ይቆይ በሚለው ወዲያው ተስማሙ። ማስተካከያው ተሠርቶና ተፈትሾ የሚያልቀው ጥቅምት ላይ ነው። ያልተስማሙት በእሑዱ ጉባኤ ላይ ነው። ኢፍቱ ከሦስቱ አስተዋይዋ ናት፣ የምትናገረውም ያለ ምክንያት አልነበረም።

"ረዱዬ፣ አርባ ሺህ ፋይል ነው ያለው" አለቻት። "እሑድ ተነስተሽ ሾፌሩ ሰው ይደመስሳል ብትዪ፣ ሰኞ ማንም ማንንም አያምንም። የታመመ ሰው መዝገብ አለ፣ የልጅ መዝገብ አለ። መጀመሪያ እናብጀው፣ ከዚያ ሦስታችንም ወጥተን እንናገር።"

"እሑድ ሰውየውን ያባርሯቸዋል።"

"ምሕረት ጠይቂላቸው። አዛውንት ናቸው፣ ይቅር በሏቸው በዪ። ጥቅምት ላይ እውነቱ ይወጣል።"

ረድኤት አስብበታለሁ አለች። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ደስ ብሏት ነበር። ሽማግሌውም ይተርፋሉ፣ ፋይሉም ይታመናል፣ እሷም እስከ ጥቅምት ትሰነብታለች። ሲያድር ግን የጣፈጣት ነገር ጎመዘዛት፤ ላላጠፋ ሰው ምሕረት መለመን ጥፋቱን በልመና ላዩ ላይ ማተም ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በአሥር ሰዓት፣ ወደ አራተኛ ፎቅ ወርዳ የጋሽ ያብሥራን በር አንኳኳች። ልትነግራቸው ነበር የሄደችው። በሩን ሲከፍቱላት የመጀመሪያ ቃላቸው "ተጠርተሽ ነው?" የሚል ነበር፤ ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ ካዩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ስለ አሳንሰሩ ልጠይቅዎ ነው ብላ ዋሸች። አስቀምጠዋት ውኃ ሰጧት። ጠረጴዛው ላይ የዕድሩ ማኅተም በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ይህ አገር ብዙ ነገር ጥሏል፣ ማኅተም ግን አልጣለም። ነገ አስረክበዋለሁ፣ ብለው ጋሽ ያብሥራ ጨርቁን አስተካከሉት።

"እርስዎ ነዎት ያጠፉት?" አለቻቸው፤ ያሰበችው ሌላ ነበር፣ ከአፏ የወጣው ይህ ሆነ።

"እጄ ይሆናል፣ ልጄ" አሉ። "ቂም ነበረኝ፣ አልዋሽም። ሰው የጠላውን ሲጽፍ እጁ ምን እንደሚሠራ ማን ያውቃል? ሌሊት ተነስቼ አስበዋለሁ። መጻፌ ይታወሰኛል፣ አለመጻፌም እንደዚያው ይታወሰኛል።"

"ፋይሉ ቢሆንስ?"

"እሱንማ ድሮ ባለሙያዎቹን ጠይቄ ነበር። የአጠቃቀም ስህተት ነው፣ በየተራ ጻፍ አሉኝ። የሚያውቁት እነሱ ናቸው።"

"ይህን ታዲያ ለጉባኤው ለምን አይናገሩም?"

"ምን ብዬ? ተጠንቀቅ ተብዬ አልተጠነቀቅኩም ብዬ?"

ረድኤት ውኃውን ጨርሳ ተነሳች። የመጣችበትን ሳትነግራቸው ወጣች። ደረጃውን በእግሯ ስትወጣ ራሷን ጠላች፤ አሥራ ስምንት ፎቅ ሙሉ ጠላች። ሽማግሌው በገዛ እጃቸው እንዳይታመኑ ያደረገቻቸው እሷ ናት፣ በሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች፣ አውቶቡስ እስኪመጣ።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መቶ አርባ የሚሆን ሰው ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ተሰበሰበ። አዳራሹ ድሮ የመኪና ማቆሚያ ነበር፤ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመሮቹ አሁንም አሉ፣ ሰዉም አምባሩ በመራው መሠረት በመስመሮቹ መካከል ወንበር ወንበሩን ይዞ ተቀመጠ። ኪሩቤል ፊት ለፊት ብቻውን ተቀምጧል። ጢሙን አልተላጨም፣ ከማንም ጋር አይነጋገርም። አቶ ኢዮስያስ ክሱን አነበቡ። ደረቅ ሰው ናቸው፣ ግን ጨካኝ አይደሉም። ጋሽ ያብሥራ ቃላቸውን እንዲሰጡ ሲጠየቁ ተነስተው ቂም እንደነበራቸው፣ ዝርዝሩን የሚጽፉትም እሳቸው እንደሆኑ፣ ሌላ የሚሉት እንደሌላቸው ተናገሩ። ከዚያ ጨርቁን ፈትተው ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የሚያኖሩበትን ቦታ ሁለት ጊዜ ለወጡ፣ እንዳይወድቅ።

ረድኤት እጇን አወጣች። ስትነሳ በአእምሮዋ ያለው አሁንም የምሕረቱ ቃል ነበር፤ አዛውንት ናቸው፣ ይቅር እንበላቸው። ማኅተሙን አየች። አልቻለችም።

"ጋሽ ያብሥራ ስም አልሰረዙም" አለች። "ጽፈዋል። የጻፉትን ያጠፋው ሾፌሩ ነው፤ ሾፌሩን የምሠራው እኔ ነኝ። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ከጻፈ የመጀመሪያው እንደሚጠፋ አሥራ አንድ ዓመት አውቃለሁ። ለከርሞ እያልኩ አቆየሁት።"

የግንቦት 11ን ዱካ ግድግዳው ላይ አሳየቻቸው። ደብዳቤውን አነበበችላቸው፣ መልሷንም አነበበች። "ተዘግቷል" የምትለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ወረደና ከኋላ የተቀመጡት ጮክ በዪ አሏት። ደግማ አነበበችው። ጋሽ ያብሥራ በዚያ ሁሉ ጊዜ ቀና ብለው ሲያዩዋት ቆዩ፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ አስተማሪ ተማሪው ዘግይቶ መልሱን ሲያገኘው የሚያየው ዓይነት አስተያየት ነበር። አቶ ኢዮስያስ ግን አመድ መሰሉ። እንግዲያውስ ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ ማለት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። እርስዎ ሕፃን ነው የጻፉት፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አለቻቸው።

ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ የሆነው እሷ ያልጠበቀችው ነው። መናገር ስትጀምር የጠበቀችው ስድብ ነበር። ከመሐል አንድ ሰው "እንግዲያስ ጥፋቱ የሾፌሩ ነው" አለ፤ ቃሉ ከወንበር ወንበር ሲተላለፍ የሰዉ ትከሻ ሲላላ በዓይን ይታይ ነበር። ሰዉ እርስ በርሱ ተያይቶ ራሱን ነቀነቀ። የሾፌሩ ነዋ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ተባለ። እንዲህ በአደባባይ የሚናገር ሰው ዛሬ የት ይገኛል ብለው አንዳንዶቹ አጨበጨቡላት። ጋሽ ያብሥራ ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የረድኤትም ደረት ቀለል አለ፤ ቀለል ማለቱ ሲሰማት ደግሞ አፈረች።

ኪሩቤል ከወንበሩ አልተነሳም። ተቀምጦ ነው የጠየቃት።

"እርስዎ ስንተኛ ፎቅ ነዎት?"

"ሃያ ሁለተኛ።"

"ከኛ ሥር።"

"አዎ።"

"ያን ዕለት ጠዋት ቤት ነበሩ?"

ጭብጨባው ቆሟል። አቶ ኢዮስያስ ጣልቃ ገብተው ጥሪ ያልደረሰው ሰው እንደማይጠየቅ፣ ደንቡም ይህንኑ እንደሚል ማስረዳት ጀመሩ። ኪሩቤል ወደሳቸው አልዞረም።

"ነበርኩ" አለች ረድኤት።

"ሰምተውኛል?"

"ሰምቼሃለሁ። እማዬን ስትል ሰምቼሃለሁ። አምባሬን አየሁና ሻይዬን ጠጣሁ።"

ይህን ለማንም፣ ለኢፍቱና ለሙክታር እንኳ፣ አልተናገረችም ነበር። ይህ በየትኛውም መስመር ላይ አልተጻፈም፣ ለከርሞም ለጥቅምትም አይባልም፣ ሾፌሩ ቢታደስ ባይታደስ አይስተካከልም። ኪሩቤል ራሱን ነቀነቀ። አላለቀሰም፣ አልሰደባትም። ሰዉ ወለሉን ያይ ጀመር።

ጋሽ ያብሥራ በዝግታ ተነስተው ወደ ጠረጴዛው ሄዱ።

"ጸሐፊነቴ ተመልሶልኛል?" ብለው ዳኛውን ጠየቁ።

"ተመልሶልዎታል።"

"እንግዲያውስ ቃለ ጉባኤ ልያዝ።"

ፋይሉን ከፈቱ። ሲጽፉ እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብለው ያነቡት ነበር፣ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ። "ሐምሌ ሦስት። ያብሥራ፣ አራተኛ ፎቅ። ጩኸት አልሰማሁም። በአምስት ሰዓት ሬሳው ሲወጣ በሬ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። አምስት ሰው አልሞላም ነበር። አምባሬን አይቼ በሬን ዘጋሁ።" ቀጥለው የረድኤትን እንደተናገረችው ጻፉት። ከዚያ ቀና ብለው ቀጣዩ ማን ነው አሉ።

አቶ ኢዮስያስ ከተቀመጡበት ሆነው ያንኑ ፋይል በራሳቸው በኩል መክፈት ጀመሩ። ከኋላም ሁለት ሦስት ሰዎች እንዲሁ ከፈቱ፤ የሚጽፉትን ሰው ሳይሰማባቸው ጽፈው ሊገላገሉ ነው። በአንድ ጊዜ ሊጽፉ መሆኑን ረድኤት ያየችው ያን ጊዜ ነው።

"በየተራ" አለች። "ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ከጻፈ ይጠፋል። ገና አልተሠራም።"

ስለዚህ ተሰለፉ። የሰልፉ መጀመሪያ ዳኛው ሆኑ። እያንዳንዱ ሰው ጠረጴዛው ጋ ደርሶ ስሙን፣ ፎቁንና የሰማውን ወይም ያየውን ይናገራል፤ ጋሽ ያብሥራ ይጽፋሉ፣ ያነቡለታል፣ ልክ ነው ሲል ያልፋል። ሃያ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሰምቻለሁ፣ የልጄን ጆሮ በእጄ ደፈንኩ። ሃያ አራተኛ ፎቅ፣ ሰምቼ ሬዲዮ ከፈትኩ። አሥራ ሁለተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር ውስጥ ከሬሳው ጋር ወርጃለሁ፣ ነፍስ ይማር አላልኩም፣ ቃሉ አልመጣልኝም። እስከ ስምንት ሰዓት ሰልፉ ገና ግማሽ አልደረሰም። ሥራ አለብኝ ብሎ ሊወጣ የሞከረም ነበር፣ ግን ወደ በሩ የሚያስኬደው መንገድ በኪሩቤል ፊት ስለሚያልፍ ተመልሶ ተሰለፈ።

ጽፈው የጨረሱት በኪሩቤል ፊት ሲያልፉ አንገታቸውን ደፍተው ያልፉ ነበር። ከሠላሳኛ ፎቅ የመጡ አንዲት ሴት ግን ሲደርሱ ቆሙ። በልማድ አምባራቸውን አዩ፤ አምባሩ የሚባለውን ቃል አላቀረበላቸውም። በሌላ እጃቸው ሸፈኑትና ወንበር ስበው ከልጁ አጠገብ ተቀመጡ። ከሳቸው በኋላ የመጣው ሰውም ተቀመጠ፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ስንት ሰው እንደሆነ፣ ለስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ በቀኝ ይሁን በግራ የወሰነ አልነበረም። አንዳንዱ በሌላው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፣ የተቆጣ የለም።

ረድኤት በዚያ ሁሉ ሰዓት ከጠረጴዛው ጎን ቆማ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እንዳይጀምር ትጠብቅ ነበር። ቀና ብላ ወደ ኪሩቤል ወገን አልተመለከተችም። አሥር ሰዓት ሲሆን ጋሽ ያብሥራ ብዕራቸውን አንስተው አዩዋት።

"በቃ ሂጂ፣ ልጄ" አሏት። "የቀረውን እኔ እጠብቃለሁ።"

ሄደች። በኪሩቤል አጠገብ ያሉት ወንበሮች ሁሉ ተይዘው ነበርና መሬት ላይ፣ ከቢጫው መስመር አጠገብ ተቀመጠች። ኪሩቤል አላያትም። ተነሺም አላላትም።